ቶርቲያ ዴ ፓታታስ፦ ሽንኩርት ይግባ አይግባ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማድሪድ ነው የምኖረው። ቅዳሜ የባለቤቴ ቤተሰቦች ምሳ ይመጣሉ፣ ቶርቲያ (የስፔኑን የድንችና የእንቁላል ጥብስ) ልሠራላቸው ነው። አማቴ ያለ ሽንኩርት ቶርቲያ አይባልም ይላሉ፤ የባለቤቴ እህት ደግሞ ሽንኩርት ካለበት አትነካውም። ለስድስት ሰው ስንት እንቁላል ይበቃል? ስገለብጠው እንዳይፈርስስ?

የማድሪዱ፦ ሽንኩርት ይግባ እህቴ! ያጣፍጠዋል፣ በማግስቱም አይደርቅም። 700 ግራም ድንች፣ 7 እንቁላል፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት። ድንቹን በስሱ ቁረጪና በርከት ባለ የወይራ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ 20 ደቂቃ ያህል አብስይው። እንደ ቺፕስ መድረቅ የለበትም፣ በሹካ ሲነኩት የሚፈርስ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በወንፊት አጥልይው።

የጋሊሲያዋ፦ እኔ በሽንኩርቱ አልስማማም። እኛ ጋሊሲያ፣ ሰሜን ምዕራብ ስፔን ያለችው ቤታንሶስ ከተማ ሄደሽ ብትበይ ድንች፣ እንቁላል፣ ዘይትና ጨው ብቻ ነው፣ ሲቆረጥም መሃሉ ይፈሳል። እንቁላሉ ጥሩ ከሆነ ሽንኩርት ጣዕሙን ለምን ይሸፍንብሽ?

ወጥ ቤት ሠራተኛው፦ ሽንኩርቱ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ የሚፈሰው መሃል ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ በደንብ ይብሰል፣ በደንብ ባልበሰለ እንቁላል የሚተላለፈው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ቀልድ አይደለም። በ2022 የወጣው የስፔን ደንብ ምግብ ቤቶች እንቁላሉን መሃሉ ድረስ 70 ዲግሪ ለ2 ሰከንድ፣ ወይም 63 ዲግሪ ለ20 ሰከንድ እንዲያደርሱት ያዛል፤ ካልሆነ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት የተገደለ) እንቁላል መጠቀም አለባቸው።

ስለ መገልበጡ፦ ድንቹን ከተመታው እንቁላል ጋር ቀላቅለሽ 10 ደቂቃ ተይው፣ እንቁላሉን ሲጠጣ ነው የሚያያዘው። መጥበሻው የማይዝ ይሁን። ጠርዙ ጠንከር ብሎ፣ መጥበሻውን ስትነቀንቂው ሙሉው መንሸራተት ሲጀምር ከመጥበሻው ሰፋ ያለ ሳህን ክደኚበትና አጥብቀሽ ይዘሽ በአንዴ ገልብጪው፣ መሃል ላይ ካመነታሽ ይፈሳል። ክንድሽን በፎጣ ሸፍኚ፣ ትኩስ ዘይት ሊወርድ ይችላል።

ጠያቂዋ፦ እህትየዋ ነፍሰ ጡር ናት! እንኳን ነገርከኝ። ሁለት ትናንሽ ብሠራስ?

የጋሊሲያዋ፦ እሱ ይሻላል። ለነፍሰ ጡሯስ እኔም የሚፈሰውን አልሰጥም። ድንቹን ለሁለት ክፈይው፣ መጥበሻውም 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በሰፊው ላይ ከሠራሽው እንደ ቂጣ ይሳሳል።

የማድሪዱ፦ ያለ ሽንኩርቱን አስቀድሚ። ዘይቱ አንዴ ሽንኩርት ከገባበት ሽታውን ይይዛል፣ እሷም ታውቅብሻለች።