የጀልባ ተሳቢ ጎማ ፈጣን መንገድ ላይ ጨሰብኝ፤ ግራሶ ብቻ አስሞልቼ ልሂድ?

ባለ ጀልባዋ (ለገሀር)
ሰላም ለሁላችሁ። 5 ሜትር የፋይበር ጀልባ በሂሉክስ እየጎተትን ወደ ላንጋኖ ስንወርድ፣ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ዱከም አካባቢ የተሳቢው የቀኝ ጎማ መጨስ ጀመረ። ጎማው የፈነዳ መስሎን ነበር። ወርደን ስናየው ጎማው ደህና ነው፤ መሃሉ ግን እጅ አያስጠጋም። በጭነት መኪና አስመልሰነው አሁን ለገሀር አጠገብ አንድ ግቢ ቆሟል። መካኒኩ «ግራሶ ሞልቼ እለቅሻለሁ» ይላል። ተሳቢው አሜሪካ ሠራሽ ነው፣ የራሱ ፍሬን የለውም። ግራሶው ይበቃል? ካልበቃ ጎማውን የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ የት ላግኝ? የፊታችን ቅዳሜ መውጣት እንፈልጋለን።

ቶርኖ ቤት
አይበቃም። የጨሰ ኩሽኔታን ግራሶ አያድነውም። አውጪውና እዪው፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ጥንካሬው አልቋል። የውጪውን ቀለበትም አብረሽ ቀይሪ። ሻጩ «ቀለበቱ ደህና ነው፣ ገንዘብሽን ቆጥቢ» ቢልሽ አትስሚው፤ የተቦረቦረ ቀለበት አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ከዚያ ኩሽኔታው የሚገባበትን ዘንግ በጣትሽ ዳሰሺ። ከተፋቀ «በብየዳ ሞልተን በቶርኖ እናስተካክለው» የሚልሽ አይጠፋም። እንጀራዬ ቶርኖ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርሽም። ጀልባ ተሸክሞ በፈጣን መንገድ የሚሄድ ዘንግ በብየዳ አይታመንም። ዘንጉን በሙሉ አስቀይሪ።

የሶማሌ ተራ ልጅ
እህቴ፣ አሮጌውን ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልለሽ ይዘሽ ነይ። ጠርዙ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። የአሜሪካ ተሳቢ በኢንች ነው የሚሠራው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤል 44649 ነው፣ የውስጥ ቀዳዳው 1 ኢንች ከ1/16፣ ማለትም 27 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እዚህ የሚበዛው ግን የሚሊሜትር ዕቃ ነው። «ትንሽ ነው ልዩነቱ፣ ይገባል» ካሉሽ ሳትገዢ ከሱቁ ውጪ። ቁጥሩ ከጠፋ ዘንጉን በካሊፐር አስለኪ። ኦይል ሲል የሚባለውን ማሸጊያ ላስቲክም አትርሺ፤ ውሃ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ካርቶኑን አይተሽ ብቻ ኦርጅናል ነው ብለሽ አትመኚ፣ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው።

ጡረተኛው ሾፌር
ልጄ፣ መነሻውን ልንገርሽ። ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትደርሺ የጎማው መሃል ግሏል። ጀልባውን ለማውረድ ያንን ትኩስ ብረት ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክሪው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃውን በላስቲኩ በኩል ስቦ ያስገባል። ከዚያ ጀልባው ወራት ይቆማል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ይጨሳል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ቡና ጠጡ፣ ምሳ ብሉ፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ። የተሳቢውን መብራት ሶኬትም ውሃ ከመንካቱ በፊት ንቀሉት።

መንገድ ላይ ከቆማችሁም አንድ ነገር አደራ። ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ ማስጠንቀቅ የኛ ልማድ ነው፤ ድንጋዩን ግን ማንም አያነሳውም፣ ማታ ሰው ይገድላል። ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ያዙ፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የተበላሸው የግራ ጎማ ከሆነ መኪና በሚያልፍበት በኩል ተንበርክካችሁ አትፍቱ። እርዳታ ጥሩ።

ኪያ
እኔ እንዲህ አልደክምም። ጀልባውን አይሱዙ ላይ ጭኖ መሄድ ነው። ጣጣ የለውም።

ቶርኖ ቤት
ኪያ፣ ሐይቁ ዳር በምን ታወርደዋለህ? እዚያ ክሬን የለም። በሰው ጉልበት ሲወርድ የተሰነጠቀ ፋይበር አይቻለሁ።

ባለ ጀልባዋ (ለገሀር)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ሳይሆን አይቀርም። ደህና የነበረውን የግራውን ጎማ አስፈታሁት፤ ግራሶው ነጭ፣ ወተት መስሏል። የቀኙ ዘንግ አልተፋቀም። ሁለቱንም ጎን ላስቀይር ነው። ምን ይዤ ልውጣ? ጎማዎቹስ? ጥርሳቸው ገና አዲስ ነው።

የሶማሌ ተራ ልጅ
ወተት የመሰለ ግራሶ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። አሮጌውን ሙልጭ አድርገው በቤንዚን ይጠቡት። በአዲሱ ላይ አይደባልቁ፤ ሁለት ዓይነት ግራሶ አንዳንዴ ቀልጦ ይፈሳል። ውሃ የሚችለውን የጀልባ ግራሶ ጠይቂ።

የተሳቢ ጎማ በጥርሱ አይመዘንም፣ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለ አትውጪበት። የተሠራበት ቀን በ4 አኃዝ ተጽፏል፤ 2317 ካለ የ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው።

ቶርኖ ቤት
ኩሽኔታውን ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ዳዶ በጉልበት ጥብቅ እንዳያደርጉት ቆመሽ እዪ። ጎማውን እያሽከረከሩ ያጠብቁታል፣ ከዚያ ያላሉታል፣ መጨረሻ ላይ በጣት ብቻ አጥብቀው ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ፣ ኮፒሊያውን ያስገባሉ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታም ይጨሳል።

የምትይዢው፦ ስኮርት ጎማ፣ በግራሶ የተሞላ አንድ ሙሉ የኩሽኔታ ጥንድ ከላስቲኩ ጋር፣ ክሪክ፣ ጠፍጣፋ እንጨት። ክሪኩን ግቢ ውስጥ ሞክሪው። የሂሉክሱ ክሪክ ከተሳቢው ዘንግ ሥር ላይገባ ይችላል፣ የጎማ መፍቻውም የተሳቢውን ዳዶ ላይይዝ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ ነው የሚያውቀው።

ጡረተኛው ሾፌር
ጭነቱንም እዪ። ነዳጅና በረዶ ሳጥን ከጀልባው ኋላ ከተከመረ ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዛል። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ይሁን፤ 800 ኪሎ ከሆነ 80 ኪሎ ማለት ነው። ተሳቢሽ ፍሬን ስለሌለው ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሺ። ከወጣሽ በኋላ የመጀመሪያው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ላይ ደህና ቦታ ቁሚና የሁለቱን ጎማ መሃል በእጅሽ ጀርባ ጠጋ ብለሽ አወዳድሪ። ሞቅ ማለቱ ጤና ነው። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ግን ተመለሺ። የጎማውን ዳዶዎችም እዚያው አጥብቂ፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ይላላል።

ባለ ጀልባዋ (ለገሀር)
እሺ ጋሼ። ኩሽኔታው ነገ ካልተገኘ ቅዳሜን ሰርዘናል።