ኮርኒስ ላይ የሚሯሯጡ አይጦች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጡ እንቅልፍ አጥተናል። ትናንት የልጄን የደብተር ቦርሳ በልተው በሱት። ሁለት ወጥመድ ካስቀመጥኩ አራት ቀኔ ነው፤ አንዱንም አልነኩትም። መርዝ እንዳላደርግ ደግሞ የሚድህ ሕፃን አለኝ። የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መርዙን ተዪው። እኛ ቤት አንዷ በልታ ግድግዳ ውስጥ ሞተች፤ ሽታው ከሁለት ሳምንት በላይ አለቀቀንም። ወጥመዱን ግን ተስፋ አትቁረጪበት። አይጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል። ሳትወጥሪው ምግብ ብቻ አድርጊበትና ለጥቂት ቀን ይልመዱት። ከዚያ ወጥሪው። ሕፃኑ የማይደርስበት ቦታ፣ ግድግዳ ጥግ ይሁን፤ ግድግዳ ታከው ነው የሚሄዱት። እኔ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀባሁበት። ጎትተው መውሰድ አይችሉም።

ሌላ መልስ፦ ቀዳዳው ካልተደፈነ ብትገድዪም ሌላ ይመጣል። እኔ ባትሪ ይዤ ቤቱን በውጭ ዞርኩት። የውሃ ቱቦው የሚገባበት ጋ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ። ትልቅ አይጥ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቄ በሲሚንቶ ለሰንኩት። ጨርቅ እንዳትሞክሪ፣ ይበሉታል። ጣሪያ የነካ ቅርንጫፍ ካለም ይቆረጥ።

ጠያቂዋ፦ ቅርንጫፍ አለ! ነገ አስቆርጠዋለሁ። ኮርኒሱንም እጠርጋለሁ።

መልስ፦ ኧረ በደረቁ እንዳትጠርጊ! የዓይነ ምድራቸው አቧራ በሽታ ያመጣል። በረኪና በውሃ በጥብጠሽ አርጥቢው፣ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ጓንት አድርገሽ በወረቀት አንሺው።