«ሃፍፓይፕ» በአማርኛ፦ ግማሽ ቧንቧ፣ አሸንዳ ወይስ ቦይ?

ከደብረ ብርሃን፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ በክረምት ኦሎምፒክ የሴቶቹን የሃፍፓይፕ ውድድር ስመለከት አስተላላፊው ስፍራውን አንድ ጊዜ «ግማሽ ቧንቧ»፣ ሌላ ጊዜ «የበረዶ ጉድጓድ» ሲለው ሰማሁ፤ ጆሮዬ ግን አንዱንም አልተቀበለውም። ልጃገረዶቹ በአንዲት ሳንቃ ላይ ቆመው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተመላለሱ የሚወረወሩበት ይህ ስፍራ ምን ቢባል ይሻላል? ደግሞስ በየካቲት፣ እኛ በጋ ላይ ሳለን የሚደረግ ውድድር «የክረምት» መባሉ እንዴት ነው?

ከአንኮበር፦
ሁለተኛውን ጥያቄ በአጭሩ ልለፈው። በእኛ አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ውርጭ ባቄላችንን የሚመታው ደግሞ ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በመፀው ነው። እኛ ዘንድ ክረምት የዝናብ እንጂ የቁር ስም አይደለም ማለት ነው። ሆኖም «የክረምት ኦሎምፒክ» ሥር የሰደደ ስያሜ ስለሆነ እሱን ለመንቀል መድከም አያሻም።

ዋናው ጥያቄ የመጀመሪያው ነው። «ግማሽ ቧንቧ» የእንግሊዝኛውን ቃል ከመገልበጥ ያለፈ ሥራ አልሠራም፤ ሰሚው የሚታየው የተሰበረ የውኃ መቅጃ ነው። «ጉድጓድ»ም አይሆንም፤ ስፍራው በቁልቁለት ላይ በርዝመቱ የተዘረጋ፣ ከላይ ተጀምሮ ከታች የሚያልቅ ነውና። እኔ አሸንዳ እለዋለሁ። አሸንዳ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር የሚታሰር፣ ሆዱ የጎደጎደ፣ ላዩ ክፍት፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ የውኃ መውረጃ ነው። ባለፈው ሐምሌ በረዶ በጣለበት ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ከቆርቆሮው የተንከባለለ አንድ የበረዶ ፍሬ አሸንዳው ውስጥ ገብቶ ወደ ወዲያኛው ጎን ወጣ፣ ተመልሶ ወደ ወዲህኛው ወጣ፣ እንዲህ እየተመላለሰም ቁልቁል ሄደ። የሴቶቹ ጉዞ በትክክል ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በኦሎምፒኩ አሸንዳ የአንዱ ግድግዳ ከፍታ 7 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ስሙ ከተገኘ ግሡም መታረም አለበት። አስተላላፊዎቻችን «ዙር» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ስለሚጠቀሙበት አድማጩ ይምታታበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ የ17 ዓመቷ አሜሪካዊት ክሎዊ ኪም በመጀመሪያ ያገኘችው 93.75 ነጥብ ሳይደረስበት ቀርቶ ወርቁን ካረጋገጠች በኋላ፣ በሦስተኛው ሙከራዋ ሁለት ባለ 1080 ዲግሪ ዝላዮችን አከታትላ 98.25 ነጥብ አስመዘገበች። 1080 ዲግሪ ማለት ሦስት ሙሉ ዙር ነው። ይህንኑ «በሦስተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ዙር ዞረች» ብለን ብንናገር ማን ይከተለናል? ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያለው ጉዞ «ሙከራ» ይባል፤ እያንዳንዷ ተወዳዳሪ በፍጻሜው ሦስት ሙከራ አላት፣ የሚያዝላትም የበለጠው ነው። አየር ላይ ለሚደረገው ደግሞ «ሾረች» የሚል ግሥ ከእንዝርት ጋር አብሮን ኖሯል። እንዝርት የሚሾረው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ራስ ወደ ታች ሲሆን «ተገለበጠች» እንላለን፤ ብዙዎቹ ከባድ ዝላዮች ግን ሁለቱን ያጣምራሉ።

ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው የሚቆሙትን «ግራኝ» ያላቸውም ሰው ሰምቻለሁ። ወደ ፊት የቀደመው ቀኝ እግር ሆኖ ሳለ ግራኝ ማለት ግር ያሰኛል፤ በሸዋ ምድር ደግሞ ይህ ቃል ብቻውን አይመጣም።

ከመሐል ሜዳ፦
ጋሼ፣ ስለ ሾረች ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የበርኖስ ፈትል ባየንበት አገር ሌላ ግሥ መፈለግ አያሻም። አሸንዳ ላይ ግን ሥጋት አለኝ። «የሴቶች የአሸንዳ ውድድር» ብለው ቢጽፉ አንባቢው የሚያስበው በነሐሴ በትግራይ ልጃገረዶች የሚጨፍሩበትን በዓል ነው፤ ልጃገረዶችና አሸንዳ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ሌላ ትርጉም አይፈቅዱም። ቦይ ቢባልስ? በረዶ የሚለውም አያጠግበኝም፤ እኛ ዘንድ በረዶ ፍሬ ነው፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ማሳ ያወድማል። በመዝሙረ ዳዊት ከባዘቶ ጋር የተነጻጸረው፣ ለስላሳው ነጭ ነገር አመዳይ አይደለምን?

ከአንኮበር፦
በበዓሉ ረትተውኛል፤ አሸንዳን ብቻውን ላለመጻፍና «የበረዶ አሸንዳ» ለማለት እገደዳለሁ። ቦይን የማልወደው ምድር ተቈፍሮ የሚወጣ፣ ግድግዳው አጭር የሆነ የውኃ መንገድ ስለሆነ ነው፤ ከቦይ ተወርውሮ የሚወጣ የለም። አመዳይ ከሰማይ ለሚወርደው ለስላሳው እጅግ ያማረ ቃል ነው፣ በየዜናው ብንሰማው ደስ ይለኛል። የውድድሩ ግድግዳ ግን በመኪና እየተፋቀና እየተጠቀጠቀ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ በረዶ ቢባል አይበደልም።

የግድግዳውን ጫፍ እንግሊዝኛው «ከንፈር» ስለሚለው ተርጓሚዎች ከንፈር እያሉ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው የተመለከተ ሰው ግን ስሙን ያውቀዋል፤ አፋፍ ነው። ተወዳዳሪዋ ከአፋፉ ትነሣለች፣ ሾራም ከአፋፉ ሥር ታርፋለች።