ስቲሙ እንፋሎት ትቶ ለብ ያለ ውሃ ይተፋል፣ ነገ ጠዋት ሙሽራ አለችብን (ጅማ)

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
ወገኖች ድረሱልኝ። የስፓችን የስቲም ማሽን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ይበራል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል፣ ነገር ግን በእንፋሎቱ ቀዳዳ የሚወጣው ለብ ያለ ውሃ ነው። ወለሉ ጎርፍ ሆነ። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሙሽራ ከአምስት ሚዜዎቿ ጋር ትመጣለች። የያዙት ሙሉ ቀን ነው፤ ስቲም፣ ሞሮኮ ባዝ፣ ማሳጅ፣ ፊት፣ እጅና እግር፣ መጨረሻ ላይ ሂና። ቀብድም ተቀብለናል። ያየው ባለሙያ «ካርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሆንም» ብሎ ሄደ። እውነት ካርድ ነው? ዛሬ ማታ የሚሞከር ነገር ካለ ንገሩኝ።

ፌዝ_ቆጣሪ
እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ መጀመሪያ ኪሎዋቱ፣ መስመሩ ሲንግል ይሁን ስሪ ፌዝ፣ ቮልቴጁም ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ያለዚያ ሁሉም ግምት ነው።

ለማንኛውም ኃይል ከቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። በ220 ቮልት 9 ኪሎዋት የሚሰጥ ማሽን መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ 6 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ስሪ ፌዝ ከሆነ ደግሞ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ማሽኑ በርቶ ይታያል እንጂ ሙቀቱ በሲሶ ወይም በግማሽ ይቀንሳል። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይህ የተለመደ ነው። በተጨማሪ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ «መቶ ዲግሪ አልደረሰም» የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ አትስሚው። ሦስቱንም ፌዝ በመልቲሜትር ለኪ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተሽ የሄተሮቹን ኦም ለኪ። ባለ 3 ኪሎዋት ሄተር 16 ኦም አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል።

ሎሚ_ሻይ
ኮምጣጤ ጨምሪበት፣ ካልኩን (ውሃው የሚተወውን ነጭ ቅርፊት) ያወርደዋል።

አባ_ቧንቧ
ቮልቴጅ ሲያንስ እንፋሎቱ ይደክማል እንጂ ውሃ አያስተፋም። ውሃ የሚተፋው ታንከሩ ከልክ በላይ ስለሞላ ነው። ሄተሩም ቀዝቃዛው ውሃ ስለማያቋርጥበት አያፈላም። ለብ ማለቱ ሄተሮቹ እየሠሩ እንደሆነ ይናገራል።

የሚሞላበት ምክንያት ሁለት ነው። ወይ ሶሌኖይድ ቫልቩ (ውሃ የሚያስገባውና የሚዘጋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ውስጥ ጠጠር ገብቶ አልዘጋ ብሏል፣ ወይ ማሽኑ መሙላቱን አላወቀም። ለመለየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማሽኑ እየተፋ እያለ ብሬከሩን አውርጂ። መብራት ጠፍቶም ውሃው መፍሰሱን ከቀጠለ ቫልቩ ነው፣ ፈትተሽ ማጠብ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ውሃውም ካቆመ ቫልቩ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የውሃውን ልክ የሚለካው ፕሮብ ጋ ወይም ካርዱ ጋ ነው።

ቀልደኛው_ከአጂፕ
ዙሪያው ውሃ፣ መሃሉ ስፓ። እህቴ፣ ደሴት ላይ ነው ያለሽው ማለት ነው። ዋጋ ጨምሪ፣ ሙሽራዋን በጀልባ አስገቢ።

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
9 ኪሎዋት ነው፣ ስሪ ፌዝ። ብሬከሩን ሳወርድ ውሃው ቆመ። ጎርፉን እየጠረግን ስለሆነ ለቀልድ ጊዜ የለኝም ይቅርታ።

ሎሚ_ሻይ
ኮምጣጤ ብያለሁ። ካልክ ነው።

ጓንት_እና_ሳሙና
ኮምጣጤ ለስቲም ማሽን አይመከርም፤ ሽታው ከሳምንት በኋላም ሙሽራ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ካልክ ከሆነ ሲትሪክ አሲድ ይሻላል። በሊትር 50 ግራም፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ታንከሩ ውስጥ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ማፍሰስ፣ ሦስቴ ማለቅለቅ። ሳይፈላ! ክፍሉ ውስጥም ሰው እንዳይኖር። ሎሚ ጨምቄ ላድርግ የሚል ይኖራል፤ አሲዱ አለው፣ ነገር ግን ስኳሩና ጭማቂው ሄተሩ ላይ ያርራል። አሲድ በገባበት ቀን ወለሉንም ቢሆን በበረኪና እንዳታጥቡ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
ካልክ አይደለም! ባለፈው ወር በሲትሪክ ታጥቧል። ባለሙያው ፕሮቡን ፈትቶ አሳይቶኛል፣ ነጭ ነገር የለበትም፣ ያበራል። ለዚህ ነው «ካርድ ነው» ያለው።

አባ_ቧንቧ
ካርዱን በግምት ከመቅበራችን በፊት እንፈትነው። ፕሮብ የሚባለው ታንከሩ ውስጥ የሚወርደው ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ውሃ ሲነካው ትንሽ ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል ወደ ታንከሩ አካል ይሄዳል፣ ካርዱም «ሞልቷል» ብሎ ቫልቩን ይዘጋል።

ብሬከሩን አውርዱ። ከፕሮቡ ራስ ላይ ሽቦውን ነቅላችሁ በክሊፕ የታንከሩ ብረት ላይ አያይዙት። የግራውንድ ሽቦውም እዚያው ስለሚታሰር መላላቱን በዚያው እዩ። አሁን ብሬከሩን አንሱ። ቫልቩ ወዲያው ከዘጋ ካርዱ ደህና ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር የሚያስጉዝ ነገር የለም። ማስጠንቀቂያ፤ ይህን የምታደርጉት ታንከሩ ውስጥ ውሃ መኖሩ ተረጋግጦ፣ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ነው። ካርዱ ሞልቷል ብሎ ስለሚያምን ባዶ ታንከር ላይ ሄተሩን ያበራና ያቃጥለዋል። ፕሮቡ ብዙ ዘንግ ካለው የላይኛውን ልክ የሚለካው አጭሩ ዘንግ ነው፣ የእሱን ሽቦ ነው የምትነቅሉት።

ቀላሉ_መንገድ
ሦስት የከሰል ምድጃ ስቲሙ ክፍል ውስጥ አስገቡ፣ በላዩ ትልልቅ ድስት ውሃ ከባህር ዛፍ ቅጠል ጋር ጣዱ፣ በሩን ዝጉ። አለቀ።

ጓንት_እና_ሳሙና
አለቀ ያልከው እውነትህን ነው፣ የሚያልቁት ግን ስድስቱ ሴቶች ናቸው። የስቲም ክፍል አየር እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ከሰል እዚያ ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ድክም ብሎት እንደተኛ ይቀራል። ይህን መልስ ማንም እንዳይሞክር። በኤሌክትሪክ ምድጃ ድስት መጣድም ቢሆን አያዋጣም። ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ በሰዓት ሦስት ሊትር ቢያተን ነው፣ 9 ኪሎዋቱ ማሽን 12 ሊትር ያህል ያተናል።

የቆዳ_ነገር
እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ስቲም የሌለበት የስፓ ቀን የለም ያለው ማነው? ሙሽራ ናት። ፊቷ ለሙቀት ቶሎ የሚቀላ ከሆነ በሰርጓ ዋዜማ 45 ዲግሪ ውስጥ ማስቀመጥ ውለታ አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት ሚዜም ካለች ያው መግባት የለባትም። ሰርጉ መቼ ነው? ሰርጉ ቅርብ ከሆነ አዲስ ክሬም፣ አዲስ ማስክ፣ የፊት ዋክስ የሚባል ነገር አይነካም።

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
ሰርጉ እሁድ ነው፣ ገና አራት ቀን አለ። ስቲም ብለው ነው የከፈሉት፣ ሌላ ነገር ብሰጣቸው ስሜ ነው የሚጠፋው። አባ ቧንቧ፣ ሽቦውን ብረቱ ላይ ስናስነካው ቫልቩ «ጠቅ» ብሎ ዘጋ!! ስንመልሰው ደግሞ መሙላት ጀመረ። ምን ማለት ነው?

ፌዝ_ቆጣሪ
ቮልቴጁን ግን አልለካሽም።

ቀልደኛው_ከአጂፕ
ማለት ማሽኑ ውሃውን አልወደደውም ማለት ነው። በዚህ ክረምት ከሰማይም ከወለልም ውሃ ነው፣ እሱም ሰልችቶታል። አንድ አምቦ ግዙለትና ይንቃ።

አባ_ቧንቧ
ቀልደኛው ሳያውቅ ነካው መሰለኝ። ካርዱም ቫልቩም ደህና ናቸው፣ ፕሮቡም ንጹሕ ነው ካልሽ የቀረው ውሃው ነው። ሐር ፎጣ፣ ማሽኑ የሚሞላው ከየት ነው?

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
ከሮቶው ነዋ። የቧንቧ ውሃ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስለጠፋ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ነው ወደ ሮቶው ያዞርነው። ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ፣ በጨርቅ እናጠልለዋለን። ከማሽኑ ጋር ምን አገናኘው? ትናንት በዚሁ ውሃ ሲሠራ ነበር።

አባ_ቧንቧ
ይህ ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት። ንጹሕነቱ ነው ችግሩ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ውሃው ራሱ ሳይሆን የሟሟበት ማዕድን ነው። ዝናብ ማዕድን የለውም ለማለት ይቀላል፣ ስለዚህ ፕሮቡ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ካርዱ «ባዶ ነው» ይላል፣ መሙላቱን ይቀጥላል። ትናንት የሠራው ታንከሩ ውስጥ የድሮው የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስለቀረ ነው። እንፋሎት ሲወጣ ማዕድኑን ይዞ አይሄድም፣ ታች ያስቀረዋል። ማሽኑ ማታ ሲጠፋ ራሱን የሚያፈስ ዓይነት ከሆነ ያንን ጠራርጎ አውጥቷል፣ ዛሬ ጠዋት የሞላው ዝናብ ብቻ ነው።

መፍትሔው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ በጄሪካን አምጥቶ ታንከሩን በእሱ መሙላት ነው። ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳ። ለአምስት ሊትር ታንከር የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ከበዛ አረፋ ያነሳና እንደገና ያስተፋችኋል። ሱቅ ስትልኪ ቤኪንግ ፓውደር ይዘው እንዳይመጡ፣ እሱ ስታርች አለበት፣ ሄተሩ ላይ ገንፎ ይሆናል። የገበታ ጨውም አይሁን፤ ይሠራል፣ ግን ስቴንለሱን እየበሳ ይበላዋል።

አሠራሩ፤ ብሬከር አውርዱ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ታንከሩን በማፍሰሻው እስከ ግማሽ አጉድሉ፣ ፕሮቡን ፍቱ፣ ሶዳውን በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ በፕሮቡ ቀዳዳ በማጥለያ አፍስሱ፣ ፕሮቡን መልሱ፣ አብሩ። ሲሞላ ራሱ መዝጋት አለበት፣ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜም እንፋሎት ይጀምራል። ነገ ደንበኛ እያለ ታንከሩን አታፍስሱ። የሚጨመረው ዝናብ ቢሆንም ማዕድኑ ውስጥ ስለሚቆይ አንዴ የገባው ሶዳ ቀኑን ሙሉ ያገለግላል። ማታ አፍስሱት።

ቀልደኛው_ከአጂፕ
አምቦውስ?

አባ_ቧንቧ
አትሳቁ፣ ይሠራል። አምቦ ውሃ ማዕድኑ ብዙ ነው። ግማሽ ሊትር፣ ጋዙ እስኪወጣለት ተነቅንቆ፣ በዚያው ቀዳዳ። ካልሲየም ስላለበት ግን ካልክ ይተዋል፣ በልማድ አይያዝ።

ፌዝ_ቆጣሪ
በዝናብ ውሃ የሚሠራ ስቲም ሞልቷል። የውሃውን ልክ በፕሮብ ሳይሆን በተንሳፋፊ የሚያውቁ ማሽኖች ምንም አይሉም። ስለዚህ «ዝናብ ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

አባ_ቧንቧ
ተንሳፋፊ ቢኖረው ሽቦ አናስነካም ነበር ወንድሜ።

ሎሚ_ሻይ
ኮምጣጤም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል 😊

ጓንት_እና_ሳሙና
ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም የነገውን ቀን አስተካክይው። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ አታስገቢ፣ ሦስት ሦስት ይሁኑ። ክፍሉ ከ43 እስከ 46 ዲግሪ፣ ቆይታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሲወጡ ውሃ ይጠጡ። ሦስቱ ስቲም ውስጥ ሳሉ ሦስቱ እግር ይዘፈዝፋሉ።

ማሽኑ እምቢ ካለ ሞሮኮ ባዙ ያለ ስቲምም ይሄዳል። ክፍሉን በሻወር አሙቂ፣ ጥቁሩን ሳሙና በረጠበ ገላ ላይ ቀብተሽ በሙቅ ውሃ የተጨመቀ ፎጣ ደርቢበት፣ ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ አለቅልቂ፣ ከዚያ በጓንት ፈትጊ። ፎጣው ሳይቀዘቅዝ መቀየር አለበት፣ ለአንድ ሰው ሦስት ፎጣ ቁጠሪ። ሙቀቱን በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ሞክሪ፣ በእጅሽ አይሆንም። እጅ ለምዷል።

ጅማ ተቀምጠሽ የቡና ስክራብ ካላቀረብሽላቸው ደግሞ ያስቅብሻል። ለአንድ ሰው አራት የሾርባ ማንኪያ የዕለቱ የቡና አተላ፣ ሁለት ስኳር፣ ሁለት የኮኮናት ዘይት። ያደረ አተላ ይሻግታል፣ ተይው። ለገላ ብቻ ነው፣ ፊት ይቧጭራል። ሁለት ነገር ያስቸግርሻል፤ አተላው ቱቦ ይደፍናል፣ ስለዚህ መውረጃው ላይ ወንፊት አድርጊ፤ ዘይቱ ደግሞ ሴራሚኩን ያንሸራትታል፣ አንዷ እንደወጣች በሳሙና ይታጠብ።

ሂናው መጨረሻ ላይ መሆኑ ልክ ነው። ማሳጅ ዘይት የነካው እጅና እግር ላይ ግን አይይዝም፣ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ከተነሳም በኋላ እስከ ማግስቱ ውሃ ባይነካው ቀለሙ ይጠቁራል።

የቆዳ_ነገር
ወይባስ? ሙሽራ ናት እኮ።

ጓንት_እና_ሳሙና
ወይባ ጭስ ነው፣ ጭስ ደግሞ አየር በሚዘዋወርበት ቤት እንጂ በስቲም ክፍል አይሆንም። ከገላ መታጠብ በፊት የሚሞቅ ነገር ስለሆነም ሂናው ላይ አትደርቢው።

ሐር_ፎጣ (ጠያቂ)
ቤኪንግ ሶዳ ፍለጋ ልጅ ልኬያለሁ፣ ሱቆቹ እየዘጉ ነው። አምቦው ግን ፍሪጅ ውስጥ አለ። ገለቶማ ሁላችሁም፣ እነግራችኋለሁ።

አባ_ቧንቧ
የቀዘቀዘ ቢሆንም ግድ የለም፣ ጋዙ ብቻ ይውጣለት። ባለሙያው ለካርድ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ከሆነ ዛሬውኑ ደውዪለት።

ቀልደኛው_ከአጂፕ
እሺ፣ በነጋታው ከሰዓት ሆነ። ሙሽራዋ ወጣች ወይስ አሁንም በጀልባ ናት?

ሮቶ_ሁለት_ሺህ
ይቅርታ በመሃል ልግባ። የእኛ ስቲም ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጨርሶ ውሃ አያስገባም፣ ቀይ መብራት ብቻ። ኮምጣጤ ይሻላል አምቦ?

አባ_ቧንቧ
አዲስ ጥያቄ ክፈት። ከመክፈትህ በፊት ግን ሶሌኖይዱ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈትተህ እያት፣ በጭቃ ተሞልታ ይሆናል።