የሊቨርፑሉን የአረጋውያን ቤት ድራማ ስታዩ ቁጣችሁ ማን ላይ አረፈ?

ሰናይት ዘሽምብጥ፦
በ2021 በእንግሊዙ ቻናል 4 የቀረበውን «ሄልፕ» የተሰኘውን ድራማ ያያችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ታሪኩ ሊቨርፑል ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ጆዲ ኮመር አዲስ የተቀጠረችውን ሳራን፣ ስቲቨን ግራሃም ገና በአርባዎቹ ዕድሜው አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የያዘውን ቶኒን ሆነው ይጫወታሉ። ከዚያ ኮሮና ይገባል።

ወንድሜ በፍላሽ አምጥቶልን ከእናቴና ከአክስቴ ጋር አየነው። ነርስ ስለሆንሁ አስተርጓሚነቱም ማብራሪያውም በእኔ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ዜጌ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አክስቴ ገና ቤቱን እንዳየች «እነዚህ ሁሉ ሽማግሎች ልጅ የላቸውም ወይ?» አለች። አለፍነው። ኬኒ የሚባለው አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥረው ደግማ ጠየቀች።

ያን ሌሊት ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ከ20 ደቂቃ በላይ ካሜራው ሳይቋረጥ ሳራን ይከተላል። ብቻዋን ናት፤ ትደውላለች፤ አምቡላንስ የለም። በመጨረሻ ቶኒን ቀስቅሳ ኬኒን በሆዱ ሊያስተኙት ይታገላሉ። ሰው በሆዱ ሲተኛ በጀርባው በኩል ያለው የሳንባው ክፍል ክብደት ይቀልለትና አየር ይገባዋል። እኛ ይህን ስንሠራ አንዱ ራሱን ይይዛል፣ ሌሎች በግራና በቀኝ ይቆማሉ፣ በአንድ ቃል ነው የሚገለበጠው። እርሷ ግን ረዳቷ የሚረሳ ሰው ነው፤ እየደጋገመች ታስረዳዋለች፣ እርሱም ይታዘዛል። እጄ አፌ ላይ ቀረ። አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «ልጆቹ ግን የት ሄዱ?»

የእኔ ቁጣ ከሆስፒታል ወደዚያ ቤት በሽተኛ ልከው ስልክ በማያነሱት ላይ ነው። የአክስቴ ቁጣ በልጆቹ ላይ። እናንተስ ቤት እንዴት ነበር?

ከሊድስ፦
እህቴ፣ በዚያን ጊዜ እዚሁ እንግሊዝ የመንከባከቢያ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ድራማው አላጋነነም። መጋቢት 17 ቀን 2020 በፈረንጆቹ ሆስፒታሎች አልጋ እንዲያስለቅቁ ታዘዙ። እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ ወደ መንከባከቢያ ቤት የሚሸኝ ሰው ሁሉ ይመርመር የሚል ግዴታ አልነበረም። በዚያ መሐል 25,000 ያህል ሰው ከሆስፒታል ወደነዚህ ቤቶች ተላከ። በ2022 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕግን የጣሰ ነበር ብሎ ፈርዷል።

ለአክስትሽ ግን ይህን ንገሪያት፤ ልጆቹ ነበሩ። እንዳይገቡ ተከልክለው ነው። እኔ በነበርሁበት ቤት አንዱ ልጅ ከሥራ መልስ አበባው መደብ ላይ ቆሞ በመስኮት እናቱን ያያል። ጆሮዋ ስለማይሰማ ስልኩ አልጠቀመም፤ በካርቶን ላይ በትልቁ እየጻፈ ያሳያት ነበር። የምትመልስለትን እኔ በሌላ ካርቶን እጽፍለታለሁ። ብዙ ጊዜ የምትለው «በልተሃል?» ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ሁለታችሁም ስለ መጨረሻው ሢሶ ዝም አላችሁ። ሳራ ቶኒን ይዛ ትጠፋለች፣ ፖሊስ ይፈልጋታል፣ ድራማው የማሳደድ ፊልም ይሆናል። ደራሲው የሌሊቱን ትዕይንት የሚያህል ነገር ስላጣ መኪና አስነሣ። ኮመር በ2022 የባፍታ ሽልማት ያገኘችውም በእኔ ግምት ለዚያ ሌሊት ነው እንጂ ለሽሽቱ አይደለም።

ከሕዳር 11 ሰፈር፣ ባሕር ዳር፦
እኔ ስለ ልጆቹ የሚባለው ነው የሚያናድደኝ። እኛ አገር የአረጋውያን መንከባከቢያው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ያላገባችው ወይም የተፈታችው። እናቴ ግማሽ አካሏ ከማይታዘዝላት ጊዜ ጀምሮ ሥራዬን ትቼ እኔ ነኝ የማገላብጣት፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቁስል እንዳይወጣባት። መጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር ስትዘጋ ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ «አይዞሽ» ብለው ደወሉ። ጎረቤትም በሽታ ፈርቶ ቡና መጠራራት አቆመ። ገበያ ደርሼ ስመለስ ልብሴን በረንዳ ላይ ቀይሬ፣ ታጥቤ ነበር ወደ እርሷ የምገባው። ሳራን ሳያት ያለቀስሁት ደመወዝ ስላላት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ትንሽ ናት፣ ግን ደመወዝ ናት። ፈረቃዋም ዘግይቶም ቢሆን ያልቃል።

ሰናይት ዘሽምብጥ፦
የሕዳር 11 እህቴ፣ ያልሽውን ለእናቴ አነበብሁላት። አያቴን እስከ መጨረሻው ዜጌ ያስታመመቻት አክስቴ ናት፤ እናቴ ያኔ ባሕር ዳር ትዳር ይዛ ነበር። ምንም አላለችም፣ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሊድስ፣ የካርቶኑን ነገር ለአክስቴ ነገርኋት። «እና መስኮቱን አይሰብረውም ነበር?» አለች። ልጆቹን ይቅር ለማለት ገና ናት።

መምህር፣ እርስዎ የጠሉትን የመጨረሻውን ክፍል አክስቴ ከሁሉም አብልጣ ወድዳዋለች። ሳራ ቶኒን ከዚያ ስታወጣው «ተመስገን፣ ልጅ አገኘ» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። በዚያ ቤት ለታማሚው የሚገባውን ያደረገ ሰው ያየችው ያኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በነርስነቴ አልተዋጠልኝም፤ የሚረሳ ሰው ከለመደው አልጋ ተነሥቶ በማያውቀው ቦታ ሲያድር ግራ መጋባቱ ይብስበታል። ይህን ስነግራት «አንቺ ደግሞ የእነርሱ ወገን ሆንሽ» ብላ ከእኔ ጋር ማየት ትታለች። የሚቀጥለውን ድራማ ወንድሜ ያስተርጉምላት።