ክርክር፦ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ልጆች ይዞ ይሂድ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ያለው የሰፈራችን ወጣቶች ቡድን ተከፋፍሏል፣ ሐሳብ ስጡን። ለክረምቱ ሦስት ደንብ ቀርቧል። ከልጆች ጋር ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኖራል። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ልጅ ጀልባ አይሳፈርም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እምቦጭ የሚባለውን የጣና አረም ለመንቀል ውኃ ውስጥ አይገባም። ገሚሱ «በነጻ የሚያገለግልን ሰው በደንብ አታስጨንቁት» ይላል። እኔ ደንቡን እደግፋለሁ። አምና ከዘጌ ልንመለስ ጀልባ ላይ ልጆቹን ቆጠርኩ። 23 ነበሩ፣ 22 ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው። እጄ በረደ። ልጁ ኋላ ወንበር ሥር ቦርሳውን ተንተርሶ ተኝቶ አገኘሁት። ያን ቀን አዋቂ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኳስ አሰልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻዬ አሠልጥኛለሁ። ሁለተኛ ሰው ከየት ላምጣ? አንዱ ሱቅ አለው፣ አንዱ ባጃጁን ይዞ ይወጣል። ደንቡ ከጸደቀ ሜዳው ይዘጋል። ልጆቹ ታዲያ የት ይዋሉ? ደግሞ «ብቻህን አትሁን» ስባል እንደ ተጠረጠርኩ ነው የሚሰማኝ። ያማል።

የሦስት ልጆች እናት፦
አይ ልጄ፣ አንተን ማንም አልጠረጠረም። ግን ክፉ ሰው ግንባሩ ላይ አልተጻፈበትም። ልጅን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚያምነው ሰው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የሚያስጠናን ሰው አንዷን ጓደኛዬን «አንቺ ቆዪ» እያለ ያስቀራት ነበር። እኛ ጎበዝ ስለሆነች ነው ብለን እንቀና ነበር። ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። ማን ያምናታል? ሰፈሩ እሱን ያመሰግናል። ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ። ማታ በቴሌግራም ለአንድ ልጅ ለብቻው መጻፍም በደንቡ ይግባ። መልእክት ወላጅ ባለበት ግሩፕ ይላክ። ሁለተኛ ሰው ካጣህ እኔ እመጣለሁ፤ ሜዳው ዳር እቀመጣለሁ።

ጀልባ ነጂ፦
እኔ ስለ ውኃው ልናገር። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ልጆች ማዕበል ሲያዩ ደንግጠው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣሉ። አደጋው እሱ ነው። አንድ አዋቂ ፊት ሌላው ኋላ ካልተቀመጠ ማን ይይዛቸዋል? ጃኬት አለ ብላችሁም አትተኙ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ጃኬት አልብሼ እጁን ሲያነሳ ጃኬቱ በጭንቅላቱ ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በልኩ ከሌለ ልጅ አልጭንም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ደግሞ «ጉማሬ እናሳያቸው፣ ትንሽ ጠጋ በል» የሚሉኝ አሉ። አልጠጋም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
17 ዓመቴ ነው። ጣና በእምቦጭ ሲታፈን እያየሁ ዳር ቁም መባሌ አልተዋጠልኝም። ዋና እችላለሁ። ለምን ታግዱናላችሁ?

ነርስ፦
ቁጭትሽ ደስ ይላል፣ እህቴ። ግን ዋና መቻል ከቢልሃርዚያ አያድንም፤ ውኃ ውስጥ ባለ ትል የሚመጣ በሽታ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን፣ ተክሉ መሐል ነው የሚኖረው። ትሉ ደግሞ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም። መድኃኒት አለው፤ ግን ብዙ ሰው ሳይመረመር ይቆያል። ተነቅሎ የወጣውን ደረቅ መሬት ላይ ማራቅና መከመርም ትልቅ ሥራ ነው። እሱ ላይ እጅ ያጥራል። ጓንትና ቦቲ ይኑራችሁ።

የኳስ አሰልጣኝ፦
እትዬ፣ የጓደኛዎን ነገር ሳነብ ዝም አልኩ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ሁለት አዋቂ የሚለውን ተቀብያለሁ። ግን ወላጆች በተራ ካልመጡ አሁንም ሜዳው ይዘጋል፣ ይሄ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ጥላ የለም፣ ጃንጥላ ይያዙ።