ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ፊቴን ለበለበኝ፤ ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ የጣና ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። አፍንጫዬና አገጬ ላይ ጥቁር ነጥብ ሞልቷል፤ በጣቴ ስነካው እንደ አሸዋ ይሻክረኛል። ጉንጬ ቀልቷል። ከሰል ሳቀጣጥል ደግሞ ይብስበታል። ወዜም ጠፍቷል፤ ደንበኞቼ ሁሉ «አሞሽ ነው እንዴ?» ይሉኛል።

ሎሚ፣ ማርና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ በሳምንት 3 ቀን እቀባለሁ፤ 15 ደቂቃ አቆይቼ እታጠበዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ለስለስ ብሎልኝ ነበር። አሁን ግን ባዶ ውሃ እንኳ ይለበልበኛል። ከንፈሬ አጠገብም ጠቆር ያለ ምልክት ወጥቷል። መጠኑን ነው የተሳሳትኩት ወይስ ሌላ ነገር ልጨምርበት? ውድ ነገር የመግዛት አቅም የለኝም፤ እቤት የሚሠራ ነገር ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

እናት ከሽምብጥ

ልጄ፣ ዛሬውኑ አቁሚው። የሚለበልብ ነገር መድኃኒት አይሆንም።

ሌላው፣ ፀጉርሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ? የኔ ልጅ ግንባሯ ላይ ደቃቅ ብጉር ወጥቶባት ስንት ነገር ሞከርን። አንድ ቀን ጠዋት ሻሿን ስትፈታ ልብ ብዬ አየሁት። ብጉሩ የተደረደረው ሻሹ በሚያርፍበት መስመር ላይ ብቻ ነው። ለካ ቅቤው በሙቀቱ እየቀለጠ ግንባሯ ላይ ይወርዳል፣ ሻሹ ደግሞ እዚያው ይዞት ያድራል። አሁን ቅዳሜ ብቻ ትቀባለች፤ በዚያው ቀን ትታጠበዋለች። ሻሹንና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ እናጥባለን። በ2 ወር ውስጥ ግንባሯ ጠራ።

ነጭ ጋውን

ፋርማሲስት ነኝ። እህቴ፣ መጠኑን አይደለም የተሳሳትሽው። ድብልቁ ራሱ ለፊት የሚሆን አይደለም።

አሲድነት በፒኤች ይለካል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። የጤነኛ ፊት ቆዳ 5 አካባቢ ነው፤ ሎሚ ደግሞ 2 ገደማ። አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ5 ወደ 2 ማለት 1,000 እጥፍ ነው። ቤኪንግ ሶዳ 8 አካባቢ ሆኖ ቆዳሽን ወደ ሌላው ጫፍ ይጎትተዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያወጡት አረፋ ጋዝ ነው፤ የቆዳ ቀዳዳ አይከፍትም።

ጥቁሩ ነጥብም ቆሻሻ አይደለም። ቆዳው የሚያወጣው ቅባትና የሞተ ቆዳ ቀዳዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ አፉ ላይ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። በመፈግፈግ አይወጣም። ከንፈርሽ አጠገብ ያለው ምልክት የሎሚ ሳይሆን አይቀርም። ሎሚ ያረፈበት ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፤ ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከዚህ በፊት የሚያቀላ ክሬም ተቀብተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ መመለስ ከከበደሽ በውስጥ ጻፊልኝ።

የጣና ልጅ

እዚሁ ልናገረው፣ ሌላም እህት ታንብበው። አዎ፣ 6 ወር ተቀብቻለሁ። ከአንድ ሱቅ በነጭ ዕቃ የተሞላ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው ክሬም ነው። በ2 ሳምንት ፊቴ ጥርት አለ፤ ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬም አስገዛኋት። ከወር ተኩል በፊት አቆምኩ። ቅላቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሎሚውን የጀመርኩትም እሱን ላጠፋ ብዬ ነበር።

ነጭ ጋውን

ስለነገርሽን እግዜር ይስጥሽ። አሁን ነገሩ ገባኝ። እንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ብግነት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ይገኛል። መጀመሪያ ቅላትና ብጉርን ስለሚያበርድ ሰው ይወደዋል። ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይነድዳል። ያንቺን ማረጋገጥ የሐኪም ሥራ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ንገሪ፤ የማይታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። ከምንም በላይ፣ ሲብስብሽ ወደዚያ ክሬም አትመለሺ። ለጓደኛሽም ንገሪያት።

እስከዚያው በለብታ ውሃ ታጠቢ፣ ሳትፈገፍጊ በፎጣ ተጭነሽ አድርቂው። ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን በስሱ ይበቃል። ቫዝሊን ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለው እውነት አይደለም።

ባለ ባጃጅ

እኔም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨረሩ ይበረታል። ሰፊ ባርኔጣ ከጀመርኩ ወዲህ ጉንጬ መላጥ ትቷል። ቡናውን ጥላ ሥር አድርጊው፤ ከሰሉንም ፊትሽን ሳታስጠጊ በረጅም ማራገቢያ አራግቢው።

ክሬም ሠሪ

ለራሴና ለእህቶቼ ክሬም እሠራለሁ። አሁን ላንቺ የምመክርሽ አጃ ብቻ ነው። አጃውን እንደ ዱቄት አልሚውና አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ አማስዪ። ውሃው ወተት መስሎ ከቆየ ልሟል። ቶሎ ከሥር ከዘቀጠ ገና ነው፣ መልሰሽ ፍጪው። ከዚያ በለብታ ውሃ ለውሰሽ ፊትሽ ላይ 10 ደቂቃ አሳርፊው። መጀመሪያ ግን ክንድሽ ላይ ሞክሪና 2 ቀን ጠብቂ። የተረፈውን ድፊው። ውሃ የነካው ነገር ማቆያ (እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ኬሚካል) ከሌለው ሳይሸት በፊት ባክቴሪያ ያፈራል።

ቅላቱ ሲበርድና ሐኪምሽ ሲፈቅድ ይህን መሥራት ትችያለሽ። ለ100 ግራም 91.5 ግራም የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ፣ 4 ግራም ኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት)፣ 3 ግራም ግሊሰሪን፣ ግማሽ ግራም ዛንታን ገም (ማወፈሪያ ዱቄት)፣ 1 ግራም ፌኖክሲኤታኖል ያለበት ማቆያ። ዛንታኑን አስቀድመሽ በግሊሰሪኑ ለውሺው፤ ውሃ ላይ በቀጥታ ከበተንሽው ይጓጉላል። በማንኪያ አይለካም፤ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ፒኤቹ 6 አካባቢ መሆኑን በወረቀት መለኪያ እዪ። ኒያሲናማይድ ለቅላትም፣ ለበዛ የፊት ቅባትም፣ ለፈዘዘ ፊትም ይረዳል፤ ለውጡን ለማየት ግን 2 ወር ያህል መታገሥ ነው።

ሁለት ነገር ቤት ውስጥ አልሠራም። አንዱ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ለጥቁር ነጥብ ጥሩ ነው፣ ዘይት ውስጥ ስለሚገባ ቀዳዳውን ይደርስበታል። ውሃ ላይ ግን በሊትር 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው፤ ያልሟሟው ፍሬ ያረፈበትን ያቃጥላል። በኋላ ላይ የተዘጋጀውን 2 በመቶ ግዢ። ሌላው የፀሐይ መከላከያ ነው። ጨረር የሚከላከለው ዱቄት፣ ዚንክ ኦክሳይድ፣ በእጅ ተለውሶ እኩል አይሰራጭም፤ የተቀባሽ ይመስልሻል እንጂ አይከላከልልሽም።

የጣና ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጃውን ዛሬ አስፈጭቻለሁ፤ ክንዴ ላይ እየሞከርኩት ነው። ሐሙስ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ክሬሙ ዕቃው ውስጥ ትንሽ ቀርቷል፤ ልጣለው?

ነጭ ጋውን

አትጣዪው። ከነዕቃው በፌስታል ቋጥረሽ ለሐኪሙ አሳዪው። ለስንት ጊዜና በቀን ስንቴ እንደተቀባሽም ወረቀት ላይ ጻፊና ያዢ።